ሁለት ድስት በሚጣድበት ቤት ለሚያድግ ልጅ

ወሎ ውስጥ አባቱ ሰይድ፣ አያቱ ወልዴ የሚባል ልጅ ብርቅ አይደለም። ደሴም ሂዱ ሐይቅ፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ሲጋባ የኖረ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከተጋቢዎቹ አንዱ ይሰልማል ወይም ይጠመቃል፤ አያት፣ አክስትና አጎት ግን ባሉበት ይቀራሉ። ስለዚህ የልጁ ሃይማኖት አንድ፣ ዘመዱ ሁለት ነው። ግራ የሚያጋባው ሁለትነቱ ሳይሆን ትልልቆቹ ሳይነጋገሩ ያለፉት ነገር ነው።

መጀመሪያ የሚያጋጨው ቀን ነው። አቂቃ፣ ማለትም ሙስሊሙ ለተወለደ ልጅ በግ የሚያርድበት ሥርዓት፣ በ7ኛው ቀን ነው፤ ክርስትና ደግሞ ለወንድ በ40፣ ለሴት በ80 ቀን። «ሲወለድ እናያለን» ያሉ ባልና ሚስት ራሳቸው አይወስኑም፤ 7ኛው ቀን ቀድሞ ይደርስና በግ እየነዳ የመጣ ዘመድ ይወስንላቸዋል። ሆድ ሳይገፋ፣ የሁለቱም ወገን አያቶች ባሉበት ነገሩ ይቆረጥ። ስም ላይ ግን ብዙ አትድከሙ። ዩሱፍን ዮሴፍ እያሉ የሚጠሩ አያት ቢኖሩ ልጁ ለሁለቱም አቤት ይላል።

ዋናው ጣጣ ድስቱ ነው። ቢስሚላህ ተብሎ የታረደና በስመ አብ ተብሎ የታረደ አይቀላቀልም፤ በዚህ ቀልድ የለም። ለበዓል ሁለቱም ወገን ከመጣ ቁሌቱን በአንድ ትልቅ ድስት መሥራት ይቻላል። ለሁለት ዶሮ ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሽንኩርት ይበቃል። ሽንኩርት፣ በርበሬና ቅቤ ማንንም አያጣላም። ቁሌቱ ሲበስል፣ ዶሮ ሳይገባ፣ ለሁለት ድስት ይከፈል። ከዚያ ወዲያ ቢላውም መክተፊያውም ለየብቻ ነው። ነገር የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በጭልፋ ነው፤ አንዷ ጨው ልትቀምስ የዚህን ጭልፋ እዚያ ትነክራለች፣ ያየ ሰው ያያል፣ አክስትየዋም «ጠግቤያለሁ» ብላ እጇን ትታጠባለች። የአንዱን ጭልፋ እጀታ በቀይ ክር እሰሩ፤ ክሩን የሚያስረው ልጁ ይሁን። የ5 ዓመት ልጅ ያሰረውን ክር ከማንም እንግዳ በላይ ይጠብቃል። እንቁላል አይታረድምና ለብቻው ከተቀቀለ ለሁሉም ይሆናል።

ለልጁ ስታስረዱት «ያ ርኩስ ነው» አትበሉት። ነገ አያቱ መሶብ ላይ ይደግመዋል። «ያንተ ድስት ይሄኛው ነው» በቂ ነው።

ጾም አንዳንዴ ይገጥማል። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17፣ ረመዳን ደግሞ የካቲት 22 ገብተው ረመዳን ሙሉውን በጾሙ ውስጥ አለቀ። እንዲህ ሲሆን ማፍጠሪያው ተምርና የምስር ሳምቡሳ ከሆነ ክርስቲያኗ አያትም ከልጅ ልጃቸው ጋር ይበላሉ። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ስለሚቀድም ግጥሚያው አይዘልቅም። ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ መጾም ግዴታው አይደለም፤ «እነማን ቤት ይበልጥ ጾምክ?» የሚል ፉክክር ውስጥ ብቻ አታስገቡት።

ትምህርት ቤት ስሙ እስከ አያት ሲጠራ «አንተ የየትኛው ነህ?» የሚል ልጅ አይጠፋም። መልሱን ቀድማችሁ ስጡት፤ አጭር ይሁን፦ «እኔ ሙስሊም ነኝ፣ አያቴ ክርስቲያን ናቸው።» «ግማሽ ግማሽ ነኝ» እንዲል አታስተምሩት፤ ግማሽ ነኝ ላለ ልጅ ሌላው ግማሽ የቱ እንደሆነ የሚጠይቅ አይታጣም። የሰፈሩን ስም እንደሚናገር ሳያመነታ እስኪለው ድረስ ቤት ውስጥ ይለማመደው።