ከቀዶ ሕክምናው ዓመታት በኋላ

ክብደት ለመቀነስ የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ካደረግሁ ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ የዓመቱን የደም ምርመራ ውጤት ተቀበልኩ። ቢ12፣ አይረን፣ ቫይታሚን ዲ፣ ሁሉም ደህና ነው። ለሥራ ባልደረባዬ ስነግራት "አሁንም የቫይታሚን ኪኒን ትውጫለሽ እንዴ? ከተሠራሽ እኮ ስንት ዓመትሽ!" አለችኝ።

አዎ፣ እውጣለሁ። ዕድሜ ልክ ነው። ከጨጓራዬ 80 በመቶ የሚሆነው ተቆርጦ ወጥቷል፤ መልሶ አይበቅልም። ቢ12 ደግሞ ተንኮለኛ ነው። ጉበት ያጠራቀመው ለረጅም ጊዜ ስለሚያቆይ፣ እጥረቱ ብቅ የሚለው ሰው "በቃ ዳንኩ" ብሎ ከተዘናጋ በኋላ ነው። ካልሲየምና አይረን ደግሞ አብረው አይወሰዱም፤ ቢያንስ 2 ሰዓት አራርቃቸዋለሁ። ስልኬ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የሚውለው ለዚህ ነው።

ምሳ ላይ እንደ ልማዴ ፕሮቲኑን አስቀደምኩ። ውሃው አጠገቤ ነበር፣ አልነካሁትም። ከበላሁ በኋላ 30 ደቂቃ እጠብቃለሁ።

ይሄ እንኳን ቀላሉ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ረሃብ የሚባል ነገር የለም። ሚዛኑ ይወርዳል፣ ያየሽ ሁሉ ያደንቅሻል። ቆየት ሲል ፍላጎቱ ይመለሳል፣ አድናቂውም ይጠፋል። ሥጋ ሁለት ጉርሻ ላይ "በቃኝ" የሚለው ጨጓራ አይስክሬም ሲመጣ ያለ ከልካይ ያሳልፋል! ለስላሳና ጣፋጭ ነገር ቶሎ ስለሚወርድ አያጠግብም። ክብደት ቀስ ብሎ የሚመለሰው በዚህ በኩል ነው።

ሐኪሜ ዛሬ ጡንቻሽ እንዳይቀንስ ክብደት ማንሳት ጀምሪ አለኝ። እስቲ የምትሠሩ ካላችሁ፣ ጀማሪ በስንት ኪሎ ነው የሚነሳው?