የዘንዶ ታሮት ካርዶቼን ከቀረጥ መስኮት እንዴት እንዳስወጣሁ

የዘንዶ ታሮት፣ ማለትም ዘንዶ የተሣለበት የመጫወቻና የጥንቆላ ካርታ፣ ልትሠሩ ያሰባችሁ ካላችሁ ሥዕሉ አያስፈራችሁ። መከራው የሚጀምረው ካርዱ ውጭ ታትሞ አገር ቤት ሲገባ ነው። ለእኔ ማንም አልነገረኝም፤ እናንተ ግን ስሙ።

ቀላሉን ቶሎ ልጨርስ። ሙሉ ታሮት 78 ካርድ ነው። እኔ የየራሳቸው ስምና ሥዕል ያላቸውን 22ቱን ዋና ካርዶች ብቻ አሳተምኩ። በታብሌት ሣልኩ። ጀርባው ቢገለበጥም አንድ ዓይነት እንዲሆን አደረግሁ፤ አለበለዚያ የተዘቀዘቀው ካርድ ከጀርባው ይታወቃል። ዳሩ ላይ ቀጭን መስመር አታስምሩ፤ መቁረጫው ትንሽ ከሳተ ጉዱ ይታያል። ቻይና ያለ ማተሚያ ቤት አገኘሁ፣ ከፈልኩ፣ በአውሮፕላን መጣ።

የዘንዶ ምርጫ ላይ ግን አቋም አለኝ። ያየኋቸው የዘንዶ ታሮቶች ክንፍ ያለውን እሳት የሚተፋ የአውሮፓ ዘንዶ ሁሉም ካርድ ላይ ይደጋግሙታል። ስንፍና ነው። ሎንግ የሚባለው የቻይና ዘንዶ ዝናብንና ወንዝን የሚያዝዝ ነው። አምስት ጥፍር ያለው ደግሞ የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ነበር፤ ስለዚህ «ንጉሠ ነገሥት» የሚባለውን ካርድ ለእሱ ሰጠሁት። «ግንብ» ለዌልስ ሆነ። በአፈ ታሪካቸው ንጉሥ ቮርቲገርን ምሽግ ሊያሠራ ቢል አልቆም አለው። መሬቱ ሲቆፈር ከሥር ቀይና ነጭ ዘንዶ ሲታገሉ ተገኙ። ቀዩ ዛሬም ባንዲራቸው ላይ አለ። «ባሕታዊ» ያለ ጥያቄ የኛ ነው፤ አቡነ አረጋዊ ደብረ ዳሞ የወጡት በዘንዶ ነዋ! «ሞት» ላይ በአፈ ታሪካችን በአንጋቦ የተገደለውን ዘንዶ ንጉሥ፣ አርዌን፣ ሣልኩ።

«ብርታት» የሚባለው ካርድ በተለመደው አሣሣል አንዲት ሴት የአንበሳ አፍ ይዛ ያሳያል። እኔ ቅዱስ ጊዮርጊስ ያዳናትን ብሩታዊትን አደረግሁት። በእኛ ሥዕል ዛፍ ላይ ናት። በአውሮፓው ትረካ ግን የቆሰለውን ዘንዶ በመቀነቷ አስራ ወደ ከተማ እየጎተተች ትገባለች። ይህን ወደድኩት። ጣጣም ያመጣብኝ ይሄው ካርድ ነው።

አሁን ወደ መስኮቱ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ልተወው። ቅጹ «የዕቃውን ዝርዝር መግለጫ አያይዙ» ይላል። እኔም ታዛዥ ሆኜ አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ። ታሮት በ15ኛው ክፍለ ዘመን ሰሜን ጣሊያን ውስጥ መጫወቻ ሆኖ እንደተጀመረ፣ ጥንቆላው የመጣው ቆይቶ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳይ ውስጥ እንደሆነ አስረዳሁ። መስኮቱ ላይ ያሉት ሰውዬ ከዚያ ሁሉ ያዩት አንድ ቃል ነው።

«ልጄ፣ ጥንቆላ ይላል እኮ።»

«ጋሼ፣ መጫወቻ ነበር ነው የሚለው።»

«መጫወቻ? ካርታ ነው? ቁማር ነዋ!»

አለቃቸው ተጠሩ። እሳቸው ደግሞ አንዱን ፓኬት ቀደው ካርዶቹን ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። ሃይማኖታዊ ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ግራ። ማን እንዲህ እንደሚመድብ እስካሁን አልገባኝም። ብሩታዊት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ጊዮርጊስ የታለ? ዘንዶውስ ለምን አልሞተም?»

ትረካውን ነገርኳቸው። «ዘንዶ ዲያብሎስ ነው» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ራእይ 12 በግልጽ ይለዋል። ግን የአረጋዊን ካርድ እሳቸው ራሳቸው በቀኝ በኩል አስቀምጠውታል። አነሳሁና «ይሄኛውስ?» አልኳቸው። «እሱ ሌላ ነው» ብለው ወሬ ቀየሩ።

ከዚያ ከሌላ ቢሮ የፈቃድ ደብዳቤ አምጪ ተባልኩ። ሄድኩ። ያኛው ቢሮ «እኛን አይመለከትም» አለ። እንግዲያውስ እንደማይመለከታችሁ ጻፉልኝ ብል «የማይመለከተንን እንዴት እንጽፋለን?» አሉኝ። ስመለስ መስኮቱ ደብዳቤውን ይጠይቃል፤ ስሄድ ቢሮው ይስቅብኛል። የመጋዘን ኪራዩ ደግሞ ለማንም አይቆምም፣ እየቆጠረ ነው። የሚያበሳጨኝ ገንዘቡ ብቻ አይደለም። አንድም ሰው «ይህ በሕግ የተከለከለ ነው» አላለኝም። ሁሉም የፈራው የራሱን ፊርማ ነበር።

መጨረሻ ላይ አንድ ትራንዚተር፣ ዕቃ ከጉምሩክ የሚያስወጣ ወኪል፣ ቀጠርኩ። ቀርቦ የታሪፉን መጽሐፍ ገለጠና 9504.40ን አሳያቸው፤ የመጫወቻ ካርታ። መጽሐፉ እኮ እዚያው ጠረጴዛቸው ላይ ነበር! ቀረጤን ከፈልኩ፣ ኪራዩን ከፈልኩ፣ ካርቶኖቼን ይዤ ወጣሁ። የቀደዱትን ፓኬት የተካልኝ የለም።

ስለዚህ ምክሬ ከቅጹ ጋር ይጋጫል። ማብራሪያ አታብዙ። ዕቃው ምን እንደሆነ በእውነት ጻፉ፦ የታተመ የወረቀት መጫወቻ ካርታ፣ ብዛቱ፣ ክብደቱ፣ ዋጋው። የታሪፍ ቁጥሩን ራሳችሁ ፈልጋችሁ ከላይ አስፍሩ። ታሪኩን ለሚገዛችሁ ሰው አቆዩት። ትራንዚተር ዕቃው ሳይነሳ ቅጠሩ፤ «ለትንሽ ዕቃ አያስፈልግም» የሚላችሁን አትስሙ። አንድ ፓኬት ለብቻው ለናሙና አዘጋጁ፤ መቅደዳቸው አይቀርም።

የቀሩት 56 ካርዶች ተሥለው አልቀዋል። በዚያ መስኮት ግን አላሳልፋቸውም። አዲስ አበባ ውስጥ ወፍራም ወረቀት ላይ አትሞ የካርድ ጥግ አክብቦ የሚቆርጥ ማተሚያ ቤት የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።