የማሟሻ ሂሳብ

በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታል የሚከለክለውን አዋጅ ሲያጸድቅ፣ እኔ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ አነስተኛ እንጀራ ጋጋሪ ድርጅት ሂሳብ ያዥ ነበርኩ። ሂሳብ ያዥ ልበል እንጂ ግዥውም፣ ከሾፌር ጋር መጨቃጨቁም የእኔው ነበር። አሥራ ሁለት የኤሌክትሪክ ምጣድ አለን። አሥር አሥር እንጀራ በፌስታል እያሰርን ለሱቅና ለምግብ ቤት እናከፋፍላለን።

ፌስታል ድሮም ሕግ ነበረበት። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 513 ከ0.03 ሚሊሜትር የማይበልጠውን ስስ ፌስታል ከልክሎ ነበር። ግን የቱ ባለሱቅ ነው የፌስታል ውፍረት ለክቶ የሚገዛው? አዲሱ ግን ቀልድ እንደሌለው አለቃችን ገባትና «ሳንገደድ እንቀይር» አለች። እውነቱን ለመናገር የወረቀት ከረጢቱን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። ካኪ፣ ላዩ ላይ አረንጓዴ ቅጠል የታተመበት። ቅጠሏንም ራሴ ነኝ የመረጥኳት። አምስት ሺህ አሳተምን።

በጀመርን ማግስት ስልኬ አላርፍ አለ። አንድ ባለምግብ ቤት ጭራሽ ራሱ መጥቶ ከረጢቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈው። የታችኛዋ እንጀራ ከወረቀቱ ጋር ተጣብቃ አንድ ሆናለች። የላይኛዋ ጠርዟ ደርቆ ሲነኩት ቀሽ ይላል። ወረቀቱ እርጥበቷን ጠጥቶታል።

«ይኼን ነው ለሰው የማቀርበው?» አለኝ። ምን እላለሁ?

በሦስት ቀን ውስጥ የተመለሰው እንጀራ ግቢውን ሞላው። ለድርቆሽ ሰጣነው። አካባቢ ልንጠብቅ ተነስተን ጤፉንም፣ ውኃውንም፣ መብራቱንም ፀሐይ ላይ ሰጣነው ማለት ነው።

ከጋጋሪዎቹ ሁሉ አንጋፋዋ፣ እትዬ የምንላቸው፣ ድርቆሹን ሲያገላብጡ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ አንተ ዓይንህ ፌስታሉ ላይ ነው። እስቲ ነገ ሌሊት ናና ማሟሻውን ቁጠር።»

አሥር ሰዓት ላይ ደረስኩ። አሥራ ሁለቱም ምጣድ ተሰክቷል። የተዘጋጀው ሊጥ ግን ለአራት ምጣድ እንኳ አይበቃም፤ የቀረው ገና እየቀጠነ ነው። አንዱ ምጣድ ከሦስት ኪሎዋት በላይ ይበላል፤ ሸክላውም ቶሎ አይግልም። ስለዚህ ሁሉም «እንዳይረፍድ» እያለ ቀድሞ ይሰካል። ሊጡ ሲደርስ ምጣዱ ከልክ በላይ ግሏል። የመጀመሪያዋ እንጀራ ዓይን ሳታወጣ ታርራለች። ትጣላለች። ቁርስ ሰዓት ላይ ሁሉም አንድ ላይ ነቅሎ ይወጣል፤ ምጣዱ ይቀዘቅዛል። ሲመለሱ እንደገና ሌላ ማሟሻ!

ያን ቀን ሠላሳ አንድ ቆጠርኩ። ሁሉም ጠረጴዛ ሥር ጆንያ ውስጥ ነበር። ለሁለት ዓመት መዝገብ ስይዝ ያንን ጆንያ አንድ ቀን ገልጬ አላየሁትም። የማሟሻ ዓምድ የሚባል ነገርም መዝገቤ ላይ አልነበረም።

የቀየርነው ነገር ብዙ ወጪ አልጠየቀም። ምጣዱ የሚሰካው ሊጡ ቀጥኖ ሲያልቅ ብቻ ሆነ፤ መጀመሪያ ስድስቱ፣ ከዚያ ስድስቱ። ቁርስ በተራ ሆነ፤ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ምጣዷን ትይዝላታለች። በዚህ ነገር የተኮራረፉም ነበሩ፤ አብሮ ቡና መጠጣት ቀርቷላ። ማሟሻው ከአሥራ አምስት በታች ወረደ፤ የመብራት ሂሳቡም ተከትሎ ቀነሰ።

ለምግብ ቤቶቹ ክዳን ያለው፣ ታጥቦ የሚመለስ ሳጥን ገዛን። ሳጥኑ ራሱ ፕላስቲክ ነው፤ አለቃችን ይህን ስታስብ አሁንም ትስቃለች። እንጀራው ሰፌድ ላይ በደንብ ሳይበርድ ግን አይገባበትም። ለሱቆቹ እስካሁን የሚያስደስት መላ አላገኘንም። የጨርቅ ከረጢት ሞክረን ግማሹ ሳይመለስ ቀረ።

የተረፉትን የወረቀት ከረጢቶች ልጥላቸው ስል እትዬ ከእጄ ተቀበሉኝ። አሁን ድርቆሽ እያሸግን እንሸጥባቸዋለን። ደረቅ ነገር ነውና ወረቀቱ የሚጠጣው የለም። ቅጠሏም ያምርባታል።