እኛ የሚባለው ማን ነው?

ሰሞኑን ስለ ስደት የተጻፉ ልብወለዶች ላይ ተጠምጄ ነው የከረምኩት። ጉዞው ላይ ብቻ የሚያተኩሩት፣ ማለቴ ድንበሩ ደላላው ጀልባው ምናምን፣ ስታነቡት ልብ ይሰቅላሉ፣ ግን ብዙም አብረውኝ አይቆዩም። እኔን የሚይዙኝ ከደረሱ በኋላ ያለውን ኑሮ የሚጽፉት ናቸው፣ ሰውየው ስራ ይዞ ቤት ተከራይቶ ልጅ ወልዶ በቃ ተደላደለ ሲባል እኔ ግን የማን ነኝ የሚለው ነገር ድንገት መጥቶ ሲያፋጥጠው።

ሞህሲን ሃሚድ እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተመው «ኤግዚት ዌስት» ውስጥ ጉዞው ራሱ የለም ማለት ይቻላል። ፍቅረኛሞቹ ሰኢድና ናዲያ ጦርነት ከገባበት፣ ስሙ ከማይጠራ ከተማቸው የሚወጡት በአንድ ጥቁር በር ነው፣ በሩን ያልፋሉ ሌላ አገር ይገኛሉ፣ አለቀ። ደራሲው መንገዱን ቆርጦ ስለጣለው ገጹ ሁሉ ለሁለቱ ልጆች ይተርፋል። እና ምን ይሆናል መሰላችሁ፣ ለንደን ሲደርሱ ሰኢድ ወደ አገሩ ሰዎችና ወደ ጸሎቱ እየተጠጋ ይሄዳል፣ ናዲያ ደግሞ ቤቱን ከሚጋሩት ናይጄሪያውያን ጋር ትለምዳለች፣ ስብሰባቸው ላይ ሳይቀር ትቀመጣለች። በአንድ በር አብረው የወጡ ሰዎች ናቸው እኮ! በጣም የወደድኩት ደራሲው ለአንዳቸውም አለመፍረዱን ነው፣ እሱ ኋላ ቀር እሷ ስልጡን፣ ወይ እሷ ከሃዲ እሱ ታማኝ ብሎ አይመድባቸውም። ሲለያዩም ሳይጣሉ ነው።

የጁሊ ኦትሱካ «ዘ ቡድሃ ኢን ዘ አቲክ» (እ.ኤ.አ. 2011) ግን ሌላ ነገር ነው፣ እሱን ካነበብኩ በኋላ ሌላ መጽሐፍ መጀመር አቅቶኝ ነበር። ፎቶ ብቻ ተለዋውጠው ላገቧቸው ወንዶች ሲሉ ከጃፓን በመርከብ ወደ ካሊፎርኒያ የተሻገሩ ሴቶች ታሪክ ነው፣ አንድ ዋና ገጸባህሪ የለውም፣ ሁሉም «እኛ» እያሉ ነው የሚያወሩት፣ እኛ እርሻ ላይ ሰራን፣ እኛ ወለድን፣ ልጆቻችን አፈሩብን እያሉ። ከዛ ሁለተኛው የአለም ጦርነት ይመጣና የአሜሪካ መንግስት ጃፓናውያኑን ከየቤታቸው አስነስቶ ወደ ካምፕ ይወስዳቸዋል። የመጨረሻው ምዕራፍም «እኛ» ብሎ ይቀጥላል፣ ግን ተናጋሪዎቹ ተቀይረዋል፣ አሁን የሚያወሩት የቀሩት ነጭ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ሴቶቹ ከከተማው ብቻ ሳይሆን ከራሳቸው ታሪክም ወጡ ማለት ነው። ይሄን ማንም ቆሞ አያብራራላችሁም፣ እያነበባችሁ ድምጹ ሲቀየር ራሳችሁ ነው የሚሰማችሁ፣ ስለ መገለል ከተጻፈ ስንት ትንታኔ ይበልጥብኛል።

የሚያበሳጨኝ መጨረሻ ላይ ሰውየውን ምረጥ የሚሉ ልብወለዶች ናቸው። ወይ አገሩ ተመልሶ ቁስሉ ይሽራል፣ ወይ የድሮውን ረስቶ «ተሳካለት» ይባላል። ሱዳናዊው ደራሲ ጣይብ ሳሊህ ገና እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተመው «ሲዝን ኦፍ ማይግሬሽን ቱ ዘ ኖርዝ» በሚለው ልብወለድ ላይ ይሄን መንገድ ዘግቶታል፣ ተራኪው አውሮፓ ሰባት አመት ተምሮ አባይ ዳር ወዳለች የሱዳን መንደሩ ይመለሳል፣ መመለሱ ግን ምንም አይፈታለትም፣ መጨረሻ ላይ ወንዙ መሃል፣ ወደ ሰሜኑም ወደ ደቡቡም ዳርቻ መድረስ አቅቶት፣ መኖር እፈልጋለሁ ብሎ ወስኖ ድረሱልኝ እያለ ይጮሃል። ለኔ እውነቱ እዚህ ጋ ነው ያለው፣ መጀመሪያ ይኑር፣ የማን መሆኑ ከዛ በኋላ ይደረስበታል።

አሁን በጣም ማንበብ የምፈልገው ስለቀሩት ነው። ልጇን ሸኝታ በስልክ ብቻ የምታሳድግ እናት፣ ወንድሙ ሲሄድ የቤቱ ሃላፊነት የወደቀበት ታናሽ፣ እነሱም እኮ ካሉበት ሳይነቃነቁ ኑሯቸው ተቀይሯል። ብዙ ጊዜ የሚመጡት በደብዳቤ ወይ በስልክ ጥሪ መሃል ነው፣ ሁለት ገጽ ይሰጣቸውና ይጠፋሉ። እኔ ሙሉ መጽሐፍ ነው የምፈልግላቸው፣ የሄደው ሰው ሁለት ገጽ ብቻ የሚያገኝበት።