10:00 በየትኛው ሰዓት?

አዲስ አበባ ውስጥ የአይቪኤፍ (እንቁላልን ከማህፀን ውጭ አዳቅሎ ፅንስ የመፍጠር) ሕክምና ስጀምር የደም ምርመራው፣ አልትራሳውንዱና ክፍያው እንደማንኛውም ሕክምና አለፈ። ሆድ ላይ የሚወጋው የየዕለቱ መርፌም ይለመዳል። ያንገበገበኝ የመጨረሻው መርፌ ነው።

ሴት ልጅ እንቁላሎቿን ይዛ ነው የምትወለደው። ስትወለድ ከ1 እስከ 2 ሚሊዮን ይሆናሉ፤ ለአቅመ ሔዋን ስትደርስ ከ300,000 እስከ 400,000 ይቀራሉ። ሁሉም ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች የጀመሩትን ክፍፍል መሐል ላይ አቋርጠው ይጠብቃሉ። የየዕለቱ መርፌ የሚያሳድገው እንቁላሉ የሚቀመጥበትን ከረጢት ነው። እንቁላሉ ክፍፍሉን የሚቀጥለው በመጨረሻው መርፌ ሲሆን፣ ክሮሞዞሞቹን ከፍሎ ግማሹን በትንሽ ክፋይ አስወጥቶ እስኪበስል 36 ሰዓት ያህል ይፈልጋል።

የተሰጠኝ ወረቀት ለዚህ መርፌ «ሰኞ 10:00» ይላል። እዚያው ወረቀት ላይ «3:00» የተባለው ቀጠሮ ጠዋት ሦስት ሰዓት ስለነበር፣ ለማክሰኞ አጥቢያ ሌሊት 10 ሰዓት ተነሥቼ ተወጋሁ። ለካ ይህችን አንዷን መስመር ብቻ በፈረንጅ ሰዓት ጽፈዋታል፤ ማታ 4 ሰዓት ማለታቸው ነበር።

ረቡዕ ጠዋት 4 ሰዓት እንቁላሉ ሊወጣ ስገባ ነርሷ መቼ እንደተወጋሁ ጠየቀችኝ። ስነግራት ቀና ብላ አየችኝና ዝም ብላ ጻፈች። ሐኪሙ «ምንም አይደለም» አለ። 30 ሰዓት ብቻ ነው የሆነው! እስከ ከሰዓት መጠበቅ እችል ነበር፤ እሱ ግን ከሰዓት ሌላ ክሊኒክ ተረኛ ነው።

አብዛኞቹ እንቁላሎች ያልበሰሉ ሆኑ። ሐኪሙ «ዕድሜሽ ነው» አለኝ። የላቦራቶሪው ባለሙያ ግን እውነቱን ነገረችኝ፤ ከረጢቶቹ ከ18 ሚሊ ሜትር በላይ አድገዋል፣ እንቁላሎቹ ግን ያችን ትንሽ ክፋይ ገና አላስወጡም። ዕድሜ በስድስት ሰዓት እንደሚቀንስ ያን ዕለት ሰማሁ።

«ኢንተርኔት አታንብቢ» ይሉሻል፤ አንብቢ። የኤኤምኤች (የቀሩሽን እንቁላሎች የሚገምተው የሆርሞን ምርመራ) ውጤትሽ ዝቅ ቢል እንቅልፍ አትጪ፤ ብዛትን እንጂ ጥራትን አይለካም። መርፌው ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው የሚሸጡልሽን ቫይታሚንም አትግዢ፤ ከረጢቱ ማደግ ከጀመረ ወራት አልፈውታል። እንቁላሉ ከመውጣቱ በፊት ሰዓቱን ራስሽ ቁጠሪ፣ ከጎደለም አልጋው ላይ አትውጪ።

በሚቀጥለው ዙር «ማታ 4 ሰዓት» ብዬ በእጄ ጽፌ ነርሷን አስፈረምኳት። ተቆጣች፤ ፈረመች።