የወሎ ኦፓል ቤታችንን ለሁለት ከፈለው 😂

ትናንት ማታ ከእህቴና ከታናሽ ወንድማችን ጋር አንከት ጀምስ (Uncut Gems) የሚለውን የአዳም ሳንድለር ፊልም አየን። እነሱ አዳም ሳንድለርን ሲያዩ ኮሜዲ መስሏቸው ነው ፈንዲሻ ይዘው የተቀመጡት። ፊልሙ በፈረንጆቹ 2010 ወሎ ውስጥ ካለ የኦፓል ጉድጓድ ነው የሚጀምረው፣ እግሩ የተሰበረ ቆፋሪ ተሸክመው ሲያወጡ ሁላችንም ዝም አልን፣ ከዛ ድንጋዩ ኒውዮርክ ሀዋርድ የሚባል የጌጣጌጥ ነጋዴ እጅ ይገባል። በቃ ከዛ በኋላ ጩኸት ነው። ሰውየው ዕዳ እስከ አንገቱ ነው ግን ብር እጁ ሲገባ አይከፍልም፣ የቅርጫት ኳስ ተጫዋቹ ኬቨን ጋርኔት ለመያዣ የተወለትን የሻምፒዮና ቀለበት እንኳን ወስዶ አስይዞ በብሩ ይወራረዳል እኮ!

እህቴ ግማሽ ላይ "ኧረ ራሴን አመመኝ፣ እንዲህ ያለ ሰው ምኑ ይታያል" ብላ ቡና ልታፈላ ተነሳች። እኔ ደግሞ የሚያስጨንቀው ሆን ተብሎ ነው፣ ቁማርተኛ ቤት ውስጥ ያለ ሰው የሚሰማው ይሄ ነው ብዬ ሙጭጭ። የሚገርመው አሜሪካም እንደኛው ነው የተከፈሉት፣ ሃያሲዎቹ አሞግሰውት ሲኒማ የገባው ህዝብ ግን ሲኒማስኮር በሚባለው የተመልካች ውጤት መስጫ ሲ ፕላስ ብቻ ነው የሰጠው።

ወንድሜ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጉልበቱ ብቻ ይንቀጠቀጣል፣ እጁ ላይ የቤቲንግ ወረቀት አጣጥፎ አጣጥፎ ጥፍር አሳክሎታል። ፊልሙ አልቆ መብራት ሳበራ ቀና ብሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው፣

"የመጨረሻው ላይ ኦዱ ስንት ነበር?"