የሲኞራ አመድ

እስከ መጨረሻ እስትንፋሳቸው ሳስታምማቸው የቆየሁት የሮማዋ አሮጊት፣ ሲኞራ (በጣሊያንኛ «እመቤት») የምላቸው፣ አስከሬናቸው እንዲቃጠል ገና በጤናቸው ሳሉ ጽፈው አስቀምጠው ነበር። በግዕዝ ሥርዓት ከሚቀድስ የካቶሊክ ቤተሰብ ለተወለድኩት ለእኔ ጉዳዩ የሚከብድ ነበር፤ እኛ ዘንድ ሟች ይገነዛል፣ ፍትሐት ይደረስለታል፣ አፈር ይለብሳል። ቤተ ክርስቲያን በ1963 እ.ኤ.አ. ክልከላውን እንዳላላች፣ የ1983ቱ የቀኖና ሕግም ከክርስትና ትምህርት ጋር በሚጋጭ ምክንያት እስካልተመረጠ ድረስ ማቃጠልን ሳይከለክል መቅበርን ግን አጥብቆ እንደሚመክር ያስረዱኝ የሰበካው ካህን ናቸው።

ሲኞራ ይህን የመረጡት እምነት ጎድሏቸው አልነበረም። በጣሊያን ደንብ መሬት ውስጥ የተቀበረ ሰው በመደበኛው አሠራር ከ10 ዓመት በኋላ ተቆፍሮ ይወጣና አፅሙ በትንሽ ሣጥን ይሰበሰባል፤ ጠያቂ ዘመድ ከሌለው ከሌሎች አፅሞች ጋር በአንድነት ይቀመጣል። የባለቤታቸው አፅም ሲወጣ ሲኞራ በስፍራው ቆመው አይተዋል። ልጆቻቸው ያንን እንዳያዩ ሲሉ እንደወሰኑ ከነገሩኝ በኋላ የመቃወም ሐሳብ ከልቤ ወጣ።

ቅዳሴው የተደረገው አስከሬኑ ከመቃጠሉ በፊት ነበር፤ ቤተ ክርስቲያንም የምትመርጠው ይህንኑ ነው። የትንሣኤው ሻማ ከሣጥኑ አጠገብ በራ፤ ካህኑም ዙሪያውን እየዞሩ ጸበል ረጩ፣ አጠኑም። መላእክት ወደ ገነት እንዲመሯቸው የሚለምነው ዜማ ሲጀመር ሌላው ሰው ዝም ብሎ ቆሞ ሳለ እኔ እንደ አገሬ ድምፅ አውጥቼ አለቀስኩ፤ ሴት ልጃቸውም መጥታ ክንዴን ይዛ አብራኝ አለቀሰች።

ክርክሩ የተነሣው አመዱ አስከሬን ከሚቃጠልበት ከሮማው የፕሪማ ፖርታ መካነ መቃብር ከመጣ በኋላ ነው። ልጅቱ ግማሹን ቤቷ ልታኖር፣ ወንድሟ ደግሞ የቀረውን ባሕር ላይ ሊበትን ፈለጉ። የ2016ቱ የቫቲካን መመሪያ አመድ በተቀደሰ ስፍራ እንዲያርፍ እንጂ እንዳይበተን፣ እንዳይከፋፈልና በመኖሪያ ቤት እንዳይቀመጥ ያዝዛል፤ በ2023 የወጣው ማብራሪያም ቢሆን ሟቹ ይወደው በነበረ ስፍራ ጥቂቱን ብቻ ማኖርን፣ ያውም በቤተ ክርስቲያን ባለሥልጣን ፈቃድ፣ ሊታሰብ የሚችል አድርጎ ነው የተወው። ነገሩን የከረረ ሕግ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ከልቤ እደግፈዋለሁ። ሲኞራ የልጆቻቸው ብቻ አልነበሩም፤ በየእሑዱ ከጎናቸው ተቀምጠው መቁጠሪያ የሚደግሙ ባልንጀሮች ነበሯቸው፤ እነዚያ አሮጊቶች ለመጸለይ የሰው ቤት ማንኳኳት አለባቸው? ባሕር ላይ የተበተነ ሰው ደግሞ ስሙ የት ይጻፋል? በመጨረሻ ልጆቹ ተስማምተው አመዱ በቬራኖ መካነ መቃብር ከባለቤታቸው አፅም አጠገብ ገባ፤ በእብነ በረዱም ላይ የሁለቱ ስም ተቀርጿል።

ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስም በ2022 በጻፉት ኑዛዜ ጌጥ የሌለው፣ መሬት ውስጥ የሆነ፣ «ፍራንቺስኩስ» የሚል ስም ብቻ ያለበት መቃብር ነበር የጠየቁት፤ በ2025ም ሮማ በሚገኘው በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን እንዲሁ ተደረገላቸው።

እኔም ሰሞኑን አዲስ አበባ ላለችው እኅቴ ጽፌላታለሁ። እዚህ ከሞትኩ እዚሁ በመሬት ልቀበር፤ አስከሬን ለመላክ ተብሎ ከሰው ገንዘብ አይለመን። ከ10 ዓመት በኋላ አፅሜ ሲወጣ ስሜ የተጻፈበት ቦታ እንዲገባ ለአንድ ወዳጄ አደራ ብያለሁ። በአርባዬ ግን እዚያው በሰበካችን በግዕዝ ያስቀድሱልኝ።